ባይትን ወደ ጽሑፍ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ፕሮግራም መጻፍ ከሚማሩ ልጆችና የቢሮ ሥርዓት ከሚያንቀሳቅሱ ባልደረቦች በየጊዜው የሚደርሱኝ ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ባይት አሬይ ጽሑፍ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው፤ ባይት አሬይ ደግሞ እነዚህ ቁጥሮች ተሰልፈው የተቀመጡበት ነው። ፋይልም ይሁን ከኔትወርክ የመጣ መልእክት ፕሮግራሙ ዘንድ የሚደርሰው በዚህ መልክ ነው። «ጣና» የሚለውን ቃል በዩቲኤፍ-8 ፋይል ላይ አስቀምጠው ፋይሉን በባይት ቢያነቡት የሚያገኙት 225፣ 140፣ 163፣ 225፣ 138፣ 147 ነው። ጣም የለ፣ ናም የለ፤ ስድስት ቁጥር ብቻ።

ቁጥሮቹ ፊደል የሚሆኑት የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደቆመ የሚወስን ስምምነት ሲኖር ነው። ያ ስምምነት ኢንኮዲንግ ይባላል። ችግሩ ባይቶቹ በየትኛው ስምምነት እንደተጻፉ ራሳቸው አይናገሩም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚህች ዝምታ ነው።

ዩኒኮድና ዩቲኤፍ-8 አንድ ናቸው?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ መለያ ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው፤ ለምሳሌ የሀ ቁጥር 4608፣ የጣ ደግሞ 4899 ነው። የግዕዝ ፊደል ወደዚህ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዩቲኤፍ-8 ያንን መለያ ቁጥር በባይት እንዴት እንደሚያስቀምጡት የሚወስን ዘዴ ነው፤ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉት። ዩቲኤፍ-16 የተባለው ደግሞ ያንኑ ቁጥር በሌላ አኳኋን ያስቀምጠዋል።

በዩቲኤፍ-8 አንድ ተራ የላቲን ፊደል አንድ ባይት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። አማርኛ የሚጻፍባቸው የግዕዝ ፊደላትና የግዕዝ ሥርዓተ ነጥቦች ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ካሉት አንዱ ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ በቃልዎ የሚይዙ ከሆነ 225ን ይያዙ።

ባይት አሬዩን በቀጥታ ሳትመው ለምን ጽሑፉ አይወጣም?

በጃቫ እንዲህ ያደረገ ሰው የሚያየው ቅንፍ፣ የላቲን ቢ፣ @ ምልክትና ከኋላው የተደረደረ የቁጥርና የፊደል ድብልቅ ነው። አንድ ተማሪ ይህንኑ አንሥቶ «ዳታው ተመስጥሮብኛል» ብሎ ልኮልኝ ያውቃል። የተመሰጠረ ነገር የለም። ጃቫ ያተመችው የአሬዩን ዓይነትና መለያውን ነው፤ ባለቤቱን ጠርተው የቤቱን ቁጥር ሲነግሩዎት ማለት ነው። ሲ ሻርፕም የዓይነቱን ስም ብቻ ያትማል። ፓይተን ይሻላል፤ ባይቶቹን ያሳያል፤ ግን በቁጥር ኮድ መልክ እንጂ በፊደል አይደለም።

ታዲያ በትክክል የሚቀየረው እንዴት ነው?

ሁለት ነገር አብረው በመስጠት፦ ባይቶቹንና የኢንኮዲንጉን ስም። በጃቫ አዲስ ስትሪንግ (ፕሮግራም ጽሑፍን የሚይዝበት ዓይነት) ሲፈጠር ሁለተኛው ግቤት ዩቲኤፍ-8 ይሁን። በፓይተን ባይቱ ራሱ «ዲኮድ» የሚባል ተግባር አለው፤ በሲ ሻርፕ የኢንኮዲንግ ክፍሉ «ጌት ስትሪንግ»፣ በጃቫስክሪፕት «ቴክስት ዲኮደር» ይህንኑ ይሠራሉ።

የኢንኮዲንጉን ስም መዝለል በብዙ ቋንቋ ይቻላል፤ አይዝለሉት። ስሙ ሲቀር ቋንቋው ነባሪውን፣ ማለትም ሌላ ካልተነገረው የሚጠቀምበትን፣ ይወስዳል፤ ነባሪው ደግሞ ከማሽን ማሽን ሊለያይ ይችላል። ጃቫ በየትኛውም ማሽን ላይ ዩቲኤፍ-8ን ነባሪ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 18ኛ እትም ነው፤ ከዚያ በፊት በዊንዶውስ ላይ የሚገኘው ውጤት በሊኑክስ ላይ ከሚገኘው ይለይ ነበር። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የሚባለው ሰበብ ብዙ ጊዜ ሥሩ እዚህ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ባይቶቹ ለተሰጠው ኢንኮዲንግ የማይመጥኑ ሲሆኑ ፓይተን ስሕተት አውጥታ ትቆማለች፤ ጃቫ፣ ሲ ሻርፕና የጃቫስክሪፕቱ ዲኮደር ግን ሌላ ካልታዘዙ በስተቀር በዝምታ የመተኪያ ምልክት (ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለች የጥያቄ ምልክት) አስገብተው ያልፋሉ። እኔ የፓይተንን ጩኸት እመርጣለሁ። ስሕተቱን ለማስቆም ብለው «ኢግኖር» የሚለውን አማራጭ የሚጨምሩ አሉ፤ ይህ የማይነበቡትን ባይቶች ጠርጎ መጣል ነው። ፕሮግራሙ ዝም ይላል፣ የሰው ስም ግን አንድ ፊደል ጎድሎት ይቀራል።

ቁጥሮቹ ለምን ከዜሮ በታች ሆኑ?

የጃቫ ባይት ከ−128 እስከ 127 ስለሚቆጥር ነው። ከ127 የሚበልጠው ሁሉ 256 ተቀንሶበት ይታያል፤ 225 የነበረው −31 ይሆናል። «ጣና» በጃቫ −31፣ −116፣ −93፣ −31፣ −118፣ −109 ነው። ባይቱ አልተለወጠም፤ ወደ ስትሪንግ ሲቀየርም ማስተካከል አያስፈልገውም።

ሣጥን፣ የጥያቄ ምልክት፣ የላቲን ዝብርቅርቅ፤ ሁሉም ያው «አማርኛው ተበላሸ» አይደለም?

በፍጹም አይደለም። ሕመሙን ሳይለዩ መድኃኒት መስጠት የሚያመጣው ጉዳት ከሕመሙ ይብሳል። ባዶ ሣጥን ሲታይ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ናያላ፣ ኢብሪማ ወይም ኖቶ ያለ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ከተገኘ ሣጥኖቹ ፊደል ይሆናሉ። ኮዱን አይንኩት። ተራ የጥያቄ ምልክት ግን መጥፎ ዜና ነው፤ ጽሑፉ ወደ ባይት ሲቀየር አማርኛን የማያውቅ ኢንኮዲንግ ተመርጦ እያንዳንዱ ፊደል 63 በሚባል ባይት ተተክቷል ማለት ነው። ምልክቶቹን ይቁጠሩ፦ «ጣና» ሁለት የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ፊደሉ ሄዷል፤ ከዋናው ምንጭ እንደገና ማምጣት እንጂ ሌላ መላ የለውም።

በጥቁር ዳይመንድ ውስጥ የተቀመጠ የጥያቄ ምልክት ሌላ ነው። ይህ ባይቱ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር የተፈጠረ መሰናክል ነው፤ ዋናው ፋይል እስካልተነካ ድረስ በትክክለኛው ኢንኮዲንግ እንደገና ቢነበብ ይስተካከላል። አደጋው ያንን የተሰናከለ ጽሑፍ መልሶ ማስቀመጥ ላይ ነው። ከተቀመጠ በኋላ ፋይሉ ውስጥ 239፣ 191፣ 189 እየተደጋገመ ይገኛል፤ ይህ የመተኪያው ምልክት የራሱ ባይት ስለሆነ የድሮው የለም።

የላቲን ዝብርቅርቅ ደግሞ ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚድነው እሱ ነው። የዩቲኤፍ-8 ባይት ዊንዶውስ-1252 በሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ ሲነበብ «ጣና» ስድስት ምልክት ሆና ትወጣለች፦ ጭረት ያረፈባት የላቲን ኤ፣ የተጣበቁ ኦና ኢ፣ የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት፣ እንደገና ባለ ጭረቷ ኤ፣ ቆብ የደፋች ኤስ፣ በመጨረሻም የጥቅስ መክፈቻ። ያቺ ባለ ጭረት ኤ 225 ናት። በየሦስት ምልክቱ ብቅ ስትል ካዩ ከሥር አማርኛ አለ።

ኢንኮዲንጉን የሚነግረኝ ሰው ባይኖርስ?

መጀመሪያ ቁጥሮቹን ያትሙ። ስክሪኑ ይዋሻል፣ ፎንቱም ይዋሻል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። 225 በየሦስተኛው ቦታ ከመጣ ዩቲኤፍ-8 ነው። 18 ወይም 19 በየሁለተኛው ቦታ ከተመላለሰ ዩቲኤፍ-16 ነው፤ «ጣና» በአንዱ አሰላለፍ 19፣ 35፣ 18፣ 147፣ በሌላው 35፣ 19፣ 147፣ 18 ሆና ትቀመጣለች። አሰላለፉን ያፋለሰ ሰው «ና»ን የቻይና ፊደል አድርጎ ያገኛታል።

ፋይሉ ራሱ መግቢያው ላይ ምልክት ሊያኖርልዎ ይችላል። 239፣ 187፣ 191 ከሆነ ዩቲኤፍ-8፤ 255፣ 254 ወይም 254፣ 255 ከሆነ ዩቲኤፍ-16 ነው።

ሲኤስቪ ፋይሉ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የሠንጠረዥ ፋይል) በማስታወሻ ፕሮግራም ደኅና ነው፤ በኤክሴል ሲከፈት ለምን ይዘበራረቃል?

ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ያ የ239፣ 187፣ 191 መግቢያ ስለሌለው ነው። ኤክሴል በድርብ ጠቅታ ሲከፈት መግቢያውን ካላገኘ የዊንዶውሱን የአካባቢ ኢንኮዲንግ ይወስዳል። ፋይሉን የሚጽፈው ፕሮግራምዎ ሦስቱን ባይቶች ከፊት ይጨምር፤ ወይም ኤክሴል ውስጥ ከዳታ ማስገቢያው በኩል ዩቲኤፍ-8ን መርጠው ይክፈቱት።

ግን ያው መግቢያ ሲኤስቪውን መልሶ ለሚያነበው ፕሮግራም ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዓምድ ርእስ «ስም» ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ «ስም የሚባል ዓምድ የለም» የሚል ከሆነ፣ ከፊቱ ያቺ የማትታይ ምልክት ተጣብቃለች።

ስድስት ቦታ የያዘ ስም እንዴት 16 ይሆናል? ስሞቹስ ለምን ይቆረጣሉ?

«ባሕር ዳር» አምስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው። አምስቱ ፊደላት 15 ባይት፣ ክፍት ቦታው አንድ፤ በድምሩ 16። ፓይተን የስትሪንጉን ርዝመት ሲጠየቅ 6 ይላል፤ የፒኤችፒ የተለመደው የርዝመት ተግባር ባይት ስለሚቆጥር 16 ይላል። ዳታቤዞችም እንዲሁ አይስማሙም፦ ማይኤስኪውኤል «ቫርቻር 20» (የጽሑፍ ዓምድ ስፋት) ሲባል 20 ፊደል ይቀበላል፤ ኦራክል በነባሪው 20 ባይት፣ ማለትም ስድስት የአማርኛ ፊደልና ትራፊ ብቻ።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ጣና ላይ ለሚመላለሱ ጀልባዎች የተሳፋሪ ዝርዝር የምታትም ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ መድረሻውን በ20 ባይት እንድትቆርጥ አድርጌያት። ስሞክር የነበረው በ«ዘጌ» ስለሆነ ሁሉም ደኅና መሰለኝ። «ናርጋ ሥላሴ» 19 ባይት ስለሆነች ለጥቂት ተረፈች። «ደጋ እስጢፋኖስ» ግን 25 ነው፤ «ደጋ እስጢፋ» ላይ 19 ሞላ፣ ሃያኛው ባይት የኖ አንድ ሦስተኛ ሆነ፤ በወረቀቱ ላይ ከፋ ቀጥሎ ዳይመንድ ውስጥ ያለች የጥያቄ ምልክት ታተመች። ትኬት ቆራጩ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና «ወደዚህ ደሴት መሄዳቸው ገና አልተረጋገጠም ማለት ነው?» አለኝ። መቁረጥ ካለብዎ ባይቱ ወደ ስትሪንግ ከተቀየረ በኋላ በፊደል ይቁረጡ።

የስልክ አጭር መልእክትም የዚሁ ሒሳብ ዘመድ ነው። አንድ መልእክት 140 ባይት ይይዛል፤ በላቲን 160 ፊደል ያስገባል፣ በአማርኛ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ።

ትልቅ ፋይል ሳነብ ጽሑፉ ደኅና ሆኖ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ብቻ የሚበላሸው ለምንድን ነው?

ፋይሉን በ1024 ባይት እየቆረሱ፣ ቁራሹን ሁሉ ለየብቻ ወደ ጽሑፍ እየቀየሩ ስለሆነ ነው። 1024 ለሦስት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ሙሉ በሙሉ የአማርኛ ፊደል በሆነ ጽሑፍ 342ኛው ፊደል አንድ ባይቱ በመጀመሪያው ቁራሽ፣ ሁለቱ በሚቀጥለው ይወድቃሉ። ሁለቱም ቁራሾች ለየብቻቸው የማይነበብ ትራፊ ይዘው ይቀራሉ። በሙከራ ጊዜ አይታይም፤ የሙከራ ፋይል ሁልጊዜ አጭር ነዋ።

መፍትሔው ትራፊውን ለቀጣዩ ቁራሽ የሚያቆይ አንባቢ መጠቀም ነው። የጃቫ «ኢንፑት ስትሪም ሪደር» እና በፓይተን ፋይልን በጽሑፍ መልክ ከኢንኮዲንጉ ጋር መክፈት ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ። በጃቫስክሪፕቱ ዲኮደር ደግሞ «ስትሪም» የሚለውን አማራጭ ማብራት ያስፈልጋል።

የተዘበራረቀውን ጽሑፍ መመለስ ይቻላል?

የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ መንገዱን ወደ ኋላ መሄድ ነው። ዝብርቅርቁን በዊንዶውስ-1252 ወደ ባይት ይመልሱት፣ የተገኘውን ባይት በዩቲኤፍ-8 ያንብቡት። ሁለት ጊዜ የተበላሸ ጽሑፍም ያጋጥማል፤ አንድ ጊዜ ተመልሶ አሁንም ዝብርቅርቅ ከሆነ ያንኑ ይድገሙት።

አንዳንድ ፊደል ብቻ እምቢ ሲል ግራ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። ዊንዶውስ-1252 አምስት ባይቶችን ባዶ ትቷቸዋል፦ 129፣ 141፣ 143፣ 144ና 157። 141 ደግሞ የፀ፣ የፈ፣ የፐ እና የአራት ነጥብ ሁለተኛ ባይት ነው። 129 የሁ፣ የቁ፣ የጁ መጨረሻ ነው። ስለዚህ «ጣና» በሰላም ስትመለስ «ፋሲል» ግን ገና ከመጀመሪያው ፊደል መሰናክል ሊገጥማት ይችላል። ዌብ ብሮውዘሮች ባዶዎቹን ቦታዎች በማይታይ መቆጣጠሪያ ምልክት ይሞሏቸዋል፤ የፓይተን ኢንኮዲንግ ግን አይቀበላቸውም። በዚህ ጊዜ ለእነዚያ አምስት ባይቶች የራስዎን መተኪያ መጻፍ የግድ ነው።

ዝብርቅርቁን ከስክሪን ላይ ገልብጦ መለጠፍ ፈጽሞ አልመክርም። የር ሦስተኛ ባይት 173 ነው፤ በዊንዶውስ-1252 ይህ የማይታይ ሰረዝ ስለሆነ ሲገለበጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሁለት ር አለች። የአና የበ ሦስተኛ ባይት 160፣ የማይሰበር ክፍት ቦታ ነው፤ ሲገለበጥ ተራ ክፍት ቦታ ይሆንና ፊደሉ አብሮት ይሄዳል። ሥራውን በቀጥታ በፋይሉ ወይም በዳታቤዙ ላይ ይሥሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ቅጂ ያስቀምጡ።

«ባህር ዳር» ብዬ ስፈልግ «ባሕር ዳር» ለምን አይገኝም? ኢንኮዲንጉ ትክክል ነው እኮ።

ትክክል ስለሆነ ነው የማይገኘው። ህ 225፣ 136፣ 133 ነው፤ ሕ 225፣ 136፣ 149። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት። ዩኒኮድ አመሳሳይ የሚባሉ ስልቶች አሉት፤ ሆኖም አንዳቸውም ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር አያዋሕዱም። የጣናን ገዳማት ስም የሚይዝ ዝርዝር ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው፦ «ዑራ ኪዳነ ምሕረት» አንዱ ጸሐፊ ዘንድ «ኡራ ኪዳነ ምህረት» ሆና ትገባለች፤ «ሥላሴ»ም «ስላሴ»።

ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ አዘጋጅተው ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንዳቸው ይሰብስቡ፤ የሚታየውን ዓምድ ግን አይንኩት። የሰውን ስም በራሱ አጻጻፍ መተው ክብር ነው፤ ሠይፉን ሰይፉ የማድረግ ሥልጣን ፕሮግራመር የለውም። ሥርዓተ ነጥቡንም አይርሱ፦ ብዙ ሰው አራት ነጥብ በማስገባት ፋንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ አንዱ ሦስት ባይት ሌላው ስድስት ነው፤ ዓረፍተ ነገር የሚከፋፍል ፕሮግራም እዚህ ላይ ይስታል።

የፎቶ ፋይልን ባይት ወደ ስትሪንግ ቀይሬ ስመልሰው ለምን ፎቶው አይከፈትም?

ፎቶ፣ ዚፕ ፋይልና የተመሰጠረ ዳታ ከመነሻው ጽሑፍ አልነበሩም። በዩቲኤፍ-8 ሲነበቡ የማይመጥኑት ባይቶች በመተኪያው ምልክት ይተካሉ፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። ባይትን በጽሑፍ መልክ መላክ የግድ ሲሆን ቤዝ64 ይጠቀሙ፤ ሦስት ባይትን አራት ተራ ምልክት ያደርገዋል፣ ሳያጎድልም ይመልሰዋል።

በነገራችን ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ በቤዝ64 ልክ አራት ምልክት ይሆናል። ከአማርኛ ፊደል የሚነሣ ጽሑፍ ሁሉ በ4 ቁጥርና በትልቁ የላቲን ዋይ ይጀምራል። ሎግ (ፕሮግራም የሥራውን ሂደት የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ ያቺን ጥንድ ሳይ ሳልፈታው አማርኛ መሆኑን አውቃለሁ።

ጥንት የተተየበ ፋይል አለኝ፤ በየትኛውም ኢንኮዲንግ አማርኛ አልሆነልኝም። ምን ላድርግ?

ኢንኮዲንግ መሞከሩን ያቁሙ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ የነበረው ብልሃት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ የተሣለበት ፎንት መሥራት ነበር። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፣ ሰው አማርኛ ያነባል። ቦታው 256 ብቻ ስለነበረ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፣ ሌሎቹ የአናባቢ ምልክትን ለብቻው እየቀጠሉ ሠሩ። አደራደራቸው እንደየፎንቱ ይለያያል።

የጽሑፉ ፍቺ ያለው ፎንቱ ውስጥ ስለሆነ ለየፎንቱ አንድ የመተኪያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ፋይሉ የዎርድ ሰነድ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ የፎንቱ ስም በየቃሉ ላይ ተመዝግቧል፣ ሁለት ፎንት ቢኖርም ይለያል። ወደ ተራ ጽሑፍ አስቀድመው ከቀየሩት ግን ያ ስም አብሮ ይጠፋል። የደሴት ገዳማት የብራና መጻሕፍት ዝርዝር የነበረበት አንድ ሰነድ እንዲሁ ተቀይሮ ደርሶኝ፣ የትኛው ምልክት ከየትኛው ፎንት እንደመጣ በግምት እየለየሁ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ፎንቱ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ገና የሚነሣ ከሆነ ምንም ከመለወጥዎ በፊት አንድ ሁለት ገጽ በወረቀት ያትሙ፤ ሠንጠረዡን የሚያመሳክሩት ከዚያ ወረቀት ጋር ነው።